ከጉባኤ ቃና እስከ ፖስተር፦ የምሁራን ውድድር ምን ይመዝናል?



ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ በመተላለፊያው የተሰቀሉትን ፖስተሮች አይታችኋል። ከሰዓት በኋላ ዳኞች ይመዝኗቸዋል፤ ማታ ሽልማት ይሰጣል። እኔ የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ስለ አሸናፊው ሳይሆን ስለ ሚዛኑ ልናገር።

ፖስተር የጊዜ እጥረት ልጅ ነው። የጥናቱ ብዛት ከመድረኩ ሰዓት በላይ በሆነ ጊዜ፣ የሳይንስ ጉባኤዎች ጽሑፉን ግድግዳ ላይ ሰቅለው አቅራቢውን አጠገቡ አቆሙት። እ.ኤ.አ. በ1969 በማድሪድ የተካሄደው የአውሮፓ የባዮኬሚስትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን ጉባኤ በዚህ ረገድ ቀዳሚ ተብሎ ይጠቀሳል፤ አሜሪካኖችም በ1974 በሚኒያፖሊስ ተከተሉ። ለችግር የተፈጠረው መላ ግን ያልታሰበ በረከት አመጣ፦ አድማጩ ዝም ብሎ መቀመጡ ቀርቶ ጠያቂ ሆነ።

ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም በጓደኞቹ ፊት ያርመዋል። መጀመሪያ የሚቀኘውም ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው፣ ከቅኔ ሁሉ አጭሩ። ሐሳብን በጠባብ ቦታ ማሳደር፣ ቆሞ መታረም፦ ፖስተር ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? የጎጃምና የዋድላ ቅኔ ቤቶች ይህን ከማድሪድ ብዙ ዘመን አስቀድመው ያውቁታል።

ዘመናዊው ትምህርት ደግሞ ሌላ ምሳሌ ትቶልናል። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር ያካሂድ ነበር። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በከሸፈበት ዓመት፣ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አቀረበ። ያን ውድድር ዛሬ የምናስታውሰው ስለ ሽልማቱ አይደለም፤ ሌላ ቦታ የማይነገር ነገር ስለተነገረበት ነው።

ወደ ሐዋሳ እንምጣ። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ግንዱ በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው የግብርና ኮሌጅ ነው። በግብርና ሙያ የመስክ ቀን የሚባል መልካም ልማድ አለ፤ ገበሬው ማሳው ዳር ቆሞ ተመራማሪውን ያፋጥጣል፤ ያልበቀለውም ከበቀለው እኩል ይታያል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የተስፋፋው የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ደግሞ እያንዳንዱ መምህር በራሱ ክፍል ተግባራዊ ምርምር እንዲያካሂድ ጠየቀ። እንዲህ ያለ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሴሚስተር የተወሰነ ጥናት ለመጽሔት ያንሳል፤ ለመሳቢያ ግን ይበዛል። ትክክለኛ ቦታው ፖስተር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት በአንድ የመማር ማስተማር ጉባኤ ከዳኞች አንዱ ነበርሁ። አንዲት ወጣት መምህርት የቡድን ሥራ ክፍሏ ውስጥ ለምን እንደከሸፈ በግልጽ ጽፋ አቀረበች፤ ተማሪዎቿ አንዱን ጎበዝ አሠርተው ሌሎቹ ስማቸውን ብቻ ይጽፉ ነበር። ፖስተሯ በጥቁርና ነጭ የታተመ፣ በማጣበቂያ የተገጣጠመ ነበር። እኛ በቀለሙ ላማረው፣ ሁሉ ነገር ስለተሳካለት ፖስተር አንደኝነቱን ሰጠን። የአሸናፊውን ርእስ ዛሬ አላስታውሰውም፤ የእርሷን ግን እስካሁን ክፍል ውስጥ እጠቅሰዋለሁ። ሰሙን መዝነን ወርቁን ጥለናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ዳኛ አቅራቢው በሌለበት ነጥብ አይስጥ፤ ያልተጠየቀ ፖስተር ማስታወቂያ ነውና። ሁለተኛ፣ የከሸፈ ሙከራን በቅንነት ያቀረበ ከተሳካለት እኩል ይመዘን፤ አለበለዚያ መምህራንን መደበቅ እናስተምራቸዋለን። ሦስተኛ፣ ፖስተሮቹ ከጉባኤው ማግሥት አይጣሉ፤ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። የዚህ ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ታሪክ አንድ ቀን ሲጻፍ፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደሆነ የሚመሰክሩት ቃለ ጉባኤዎች ሳይሆኑ እነዚህ ወረቀቶች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ በመተላለፊያው ስታልፉ፣ እባካችሁ ሰው ያልተሰበሰበበት ፖስተር ፊት ቁሙና ጠይቁ።