ቦይ ውስጥ የተገኘው ወጣት

በደረቅ የበጋ ወራት የእንግሊዝን ገጠር ከአውሮፕላን ቁልቁል ብታዩ፣ ማሳው ላይ መስመሮች ይታያሉ፤ ክብ፣ አራት ማዕዘን፣ ቀጥ ያለ መንገድ። መሬት ላይ ቆሞ ለሚያይ ግን ያው ስንዴ ነው።

ምስጢሩ ውሃ ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት የተቆፈረ ቦይ ከጊዜ በኋላ በአፈር ይሞላል። ይህ አፈር ጥልቀት ስላለውና እርጥበት ስለሚይዝ፣ በላዩ የበቀለው ሰብል ድርቅ ሲመጣ ቶሎ አይጠወልግም። ከታች የድንጋይ ግንብ ካለ ደግሞ ሰብሉ ቀድሞ ቢጫ ይሆናል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ማሳው ራሱ ሴንሰር ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የነበረው ድርቅ የሮማ ዘመን እርሻዎችን ጨምሮ ብዙ የተደበቁ ቦታዎችን በዚህ መንገድ አጋልጧል።

ታዲያ ማሳው ቦይና ግንብ ያሳያል እንጂ እዚያ ማን እንደኖረ አይነግረንም። ለዚያ መቆፈር ያስፈልጋል።

ካምብሪጅንና ሀንቲንግደንን የሚያገናኘው ኤ14 አውራ ጎዳና ሊሻሻል ሲል፣ ከአስፋልቱ በፊት አርኪዮሎጂስቶች ገቡ። ኦፎርድ ክሉኒ በተባለች መንደር አቅራቢያ፣ ቦይ ውስጥ ብቻውን የተቀበረ ወጣት አገኙ። አብሮት የተቀበረ ዕቃ የለም። መጠሪያው የመዝገብ ቁጥር ብቻ ነው፦ ኦፎርድ ክሉኒ 203645።

የምርመራው ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ወጣቱ የሞተው እ.ኤ.አ. ከ126 እስከ 228 ባለው ጊዜ፣ በ18 እና በ25 ዓመት መካከል እያለ ነው። ከውስጠኛው የጆሮ አጥንት የተወሰደው ዲኤንኤ ደግሞ ዘሩ ከካውካሰስና ከሳርማቲያ ሕዝቦች ጋር እንደሚዛመድ አሳየ።

ጥርሱም የራሱን ተናገረ። ጥርስ በልጅነት ንብርብር በንብርብር ስለሚያድግ የምንበላው ምግብ ኬሚካላዊ አሻራ እዚያው ይቀራል። ጤፍ፣ ማሽላና ዳጉሳን የመሳሰሉ እህሎች ካርቦን የሚይዙበት መንገድ ከስንዴና ከገብስ ስለሚለይ አሻራቸውም ይለያል። ይህ ልጅ እስከ 5 ወይም 6 ዓመቱ ድረስ ከማሽላና ከዳጉሳ ወገን የሆነ እህል ይበላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን እየቀነሰ ሄደ። ወደ ምዕራብ ተጉዟል ማለት ነው።

የታሪክ ጸሐፊው ካሲየስ ዲዮ እንደመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ175 ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስ 5,500 የሳርማቲያ ፈረሰኞችን ወደ ብሪታኒያ ልኳል። ልጁ ከእነሱ የአንዱ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ ዘመኑ ይገጥማል። መቃብሩ ውስጥ ግን ይህን የሚያረጋግጥ ነገር ስለሌለ ከዚህ አናልፍም።

ጸሐፊው የፈረሰኞቹን ቁጥር መዘገበ፤ አብረዋቸው ስለመጡ ልጆች ግን ምንም አልተወልንም። እኛ መሐንዲሶች ከግንባታ በፊት የሚደረገውን ቁፋሮ እንደ መዘግየት ነው የምንቆጥረው። ያን ቀን ግን ኤክስካቫተሩ ቀድሞ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ልጅ ከአፈሩ ጋር አንድ ላይ ዝቆ ገልባጭ መኪና ላይ ይጭነው ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።