በወረርሽኝ ጊዜ በድንገተኛ ክፍል የሚደረግ የሆድ ሕመም ምስል ምርመራ

ሆዱን አሞት ድንገተኛ ክፍል የሚደርስ ሰው ሕመሙ ከትርፍ አንጀት፣ ከሐሞት ጠጠር፣ ከአንጀት መዘጋት ወይም ከቆሽት መቆጣት የመጣ መሆኑን ለመለየት አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ይነሣል። ወረርሽኝ ይህን አሠራር ከብዙ በኩል ይነካዋል፤ የሚመጣው ታማሚ፣ የሚመረጠው መሣሪያ፣ ምስሉ የሚነበብበት መንገድ ሁሉ ይለወጣል። በሚገባ የተመዘገበው ምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ብሎ የፈረጀው ኮቪድ-19 ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የታየው የታማሚ መጥፋት ነበር። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በመረጃ መረቡ የሚከታተላቸው ድንገተኛ ክፍሎች ከማርች 29 እስከ ኤፕሪል 25 ቀን 2020 ያስተናገዱት ሰው ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ42 በመቶ አነሰ፤ በሳምንት 2.1 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ወደ 1.2 ሚሊዮን ወረደ። ከሁሉም በላይ የቀነሱት በሆድ ሕመምና በተቀራራቢ ምልክቶች የሚመጡት ሲሆኑ ቅናሹ በሳምንት በአማካይ 66,456 ነበር። ትርፍ አንጀት ግን ቫይረስ ፈርቶ ከመቆጣት አይመለስም። በበርካታ አገሮች የፈነዳ ትርፍ አንጀት ይዘው የሚመጡ ታማሚዎች ድርሻ ማደጉ ተዘግቧል። ብዙዎች ይህን የመዘግየት ውጤት አድርገው ወስደውታል፤ ሆኖም ቀላል ሕመም ያለባቸው ቤታቸው ሲቀሩ የከባዱ ድርሻ ቁጥሩ ሳይጨምርም ከፍ ሊል ስለሚችል ድርሻውን ብቻ አይቶ መፍረድ አያስኬድም።

በብሪታንያ የቀዶ ሕክምና ኮሌጆች በማርች 2020 ባወጡት መመሪያ ሐኪሞች የሚቻለውን ያህል ያለ ቀዶ ሕክምና እንዲያክሙና ላፓሮስኮፒን (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን) እንዲቆጥቡ መከሩ። ትርፍ አንጀትን በፀረ ተሕዋስያን ለማከም ደግሞ መፈንዳቱን ወይም መግል መቋጠሩን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ስለዚህ ቀድሞ በእጅ ምርመራና በደም ውጤት ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና ይላክ የነበረ ወጣት ጭምር ሲቲ ይነሣ ጀመር። አልትራሳውንድ ጨረር ባይኖረውም መርማሪው ከታማሚው አጠገብ ብዙ ደቂቃ እንዲቆይ ስለሚያስገድድ በዚያ ወቅት ተመራጭነቱን አጣ። ሲቲም ቢሆን ነፃ አልነበረም፤ በበሽታው የተጠረጠረ ሰው ከተነሣ በኋላ ክፍሉን ማጽዳትና አየሩን መለወጥ እስከ አንድ ሰዓት ሊፈጅ እንደሚችል የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ አሳስቦ ነበር።

የምስሉ ንባብም ሰፋ። የሆድ ሲቲ የሳንባን የታችኛውን ክፍል አብሮ ያነሣል፤ ሳል ሳይኖራቸው በሆድ ሕመም ብቻ የመጡ ሰዎች ኮቪድ እንዳለባቸው በዚያ ጠርዝ ላይ በታየ ጭጋግ የታወቀበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት ኤሲኢ2 የተባለው ፕሮቲን በትንሹ አንጀት ሽፋን ላይም በብዛት ስለሚገኝ ሆድ ራሱ የበሽታው አካል ሊሆን ይችላል። በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች በ2020 ስለ ኮቪድ ታማሚዎች ባወጡት ጥናት ከ42 የሆድ ሲቲ ምስሎች በ13ቱ የአንጀት ግድግዳ ጉዳት፣ ከ37 የአልትራሳውንድ ምርመራዎች ደግሞ በ20ው በዝቃጭ የተሞላ የሐሞት ከረጢት ተገኝቷል። የአንጀቱ ጉዳት በጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኙት ላይ ይበዛ ነበር።

የመጨረሻው መዘዝ የመጣው ካልተጠበቀበት ወገን ነው። በ2022 ጸደይ ሻንግሃይ ለበሽታው ስትዘጋ የጂኢ ሄልዝኬር ፋብሪካ ምርቱን በመቀነሱ በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለው ምስል አጉሊ ፈሳሽ (ኮንትራስት) በአሜሪካና በሌሎች አገሮች አጠረ። ለኩላሊት ጠጠር ኮንትራስት አያስፈልግም፤ የአንጀት ደም ሥር መዘጋትን ግን ያለ እሱ መለየት ይቸግራል። ሆስፒታሎች መጠኑን ቀነሱ፣ ሊቆይ የሚችለውን ምርመራ አዘገዩ፣ የሚቻለውን ወደ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ መለሱ። እጥረቱ የቀለለው ፋብሪካው በጁን 2022 ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ነው።