ከቆሽት ጉዳት በኋላ የሚመጣ የስኳር በሽታ

ቆሽት በብግነት፣ በቀዶ ሕክምና፣ በካንሰር ወይም በአደጋ ሲጎዳ የሚከተል የስኳር በሽታ ነው፤ በሕክምናው ዓለም «ዓይነት 3ሲ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1889 ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ስትራስቡርግ ውስጥ የውሻ ቆሽት ቆርጠው ሲያወጡ ውሻው በስኳር በሽታ በመያዙ የቆሽትና የስኳር በሽታ ዝምድና ታወቀ።

ይህን ዓይነት አስቸጋሪ የሚያደርገው፣ ጉዳቱ ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን ብቻ አለመንካቱ ነው። የደም ስኳር ሲያሽቆለቁል ጉበት ያከማቸውን እንዲለቅ የሚያዘው ግሉካጎንም አብሮ ይጓደላል። ስለዚህ ኢንሱሊን የሚወስድ ታማሚ ምሳ ካለፈው ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል፤ ቤተሰቡ ይህን ሊያውቅ የግድ ነው። የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ሲያንስ ደግሞ ሰገራው ቅባት ይበዛበታል፣ ክብደቱም ይቀንሳል።

ብዙ ጊዜ በስህተት ዓይነት 2 ተብሎ መታለፉ ያሳዝናል፤ የኢንዛይም እንክብል የሚያስፈልገው ሰው ሳያገኝ ይቀራልና። ስጋቱ ብግነቱ ከዳነ በኋላም አያበቃም። ድንገተኛ የቆሽት ብግነት የያዘው ሰው ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ፣ ከዚያም በየዓመቱ ስኳሩን ይለካ። በባዶ ሆድ 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ፣ በሽታው ይዞታል።