ወርቁን በጉባኤ መፈለግ፤ የቅኔ አፈታት ከዋግ እስከ ዋድላ

የተሰወረ ነገር ሲቀርብለት መጋረጃውን ገልጦ ለማየት መጓጓት በየአገሩ የታየ የሰው ልጅ ጠባይ ነው። በአገራችን ሕፃናት ማታ በእሳት ዙሪያ ተቀምጠው «እንቆቅልሽ» ሲባሉ «ምን አውቅልሽ» ብለው ይመልሳሉ፤ ፍቺው የጠፋበትም ወገን አገር ሰጥቶ ይገላገላል። የዚሁ ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ ቅኔ ነው። በቅኔ ቤት ግን ምሥጢሩ የጠፋበት ተማሪ አገር አይሰጥም፤ ጓደኛውን ይጠይቃል። ቅኔን ከዘመን ወደ ዘመን ካሸጋገሩት ነገሮች አንዱና ዋነኛው ይኸው መጠያየቅ ነው።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ከአንጥረኛ ሙያ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው የሚሠራውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ በላዩ ጭቃ ይመርግበታል፤ በእሳት ሲያግለውም ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ባዶ በቀረው ስፍራ ወርቁ ይፈስበታል። በቅኔም ሰሙ ጆሮ አስቀድሞ የሚሰማው ሲሆን ወርቁ ልቡና ቆይቶ የሚደርስበት ነው። ኅብር በሚባለው መንገድ ደግሞ አንድ ድምፅ ሁለት ፍቺ ይሸከማል። በግእዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። ብዕር የለያቸውን ጆሮ አይለያቸውም። ባለቅኔ በትንሣኤ በዓል ይህን ቃል ቢያነሣ አንዱ ሰሚ የጽድቅ ፀሐይ መውጣቱን ያስባል፤ ሌላው የመቃብሩ ጠባቂዎች ሥጋው ተሰረቀ ብለው ያስወሩትን ያስታውሳል። ፈታው የሚባለው ሁለቱን ያገናኘ ነው።

ችግሩ ቅኔ በማኅሌት ላይ በቃል የሚቀርብ እንጂ ተጽፎ የሚታደል አለመሆኑ ነው። ባለቅኔው ይናገራል፤ ተቀባዩ ከአፉ ነጥቆ ያሰማል። ለዕለቱ የተሰናዳ ቅኔ በሌላ ቀን እንደ አዲስ አይቀርብምና ያን ጊዜ ያልተያዘው ምሥጢር ይጠፋል። እርግጥ ሰሚው ያለ መሪ አይቀርም። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ መወድስ በስምንት ቤት መሠራቱ፣ የየቤቱ መድረሻ ፊደል መግጠሙ፣ የዕለቱም በዓል መታወቁ ፍቺው ወዴት እንደሚያዘነብል ይጠቁማሉ። ሆኖም አንዱ ግሱን ሲያውቅ ሌላው የመጽሐፉን ታሪክ፣ ሦስተኛው ያገሩን ወሬ ያውቃልና ሁሉ የተሟላለት ብቸኛ ሰሚ ብርቅ ነው።

የቅኔ ቤቱም ሥርዓት ይህን ተከትሎ የቆመ ነው። ደበሎ የለበሰው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ለዕለት ጉርሱ ከለመነ በኋላ ከዛፍ ጥላ ወይም ከዐለት ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ቅኔ መቁጠር የብቻ ሥራ ነው። ሲመሽ ግን ሁሉም ይሰበሰባል። የቆጠረውን ለየኔታ ወይም ከፍ ላሉት ተማሪዎች ይነግራል፤ ያርሙታል። የኔታ የዘረፉትንም ቅኔ ተማሪዎች በቃል ይዘው አንዱ ሰሙን፣ ሌላው ወርቁን እያነሣ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ስለዚህ ቅኔ የሚሠራው ለብቻ ሲሆን የሚፈታው በጉባኤ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጨዋታ በባሕር ማዶም አለ። መስቀለኛ ቃላት የሚባለው በአርተር ዊን አማካይነት በኒውዮርክ ጋዜጣ የወጣው በ1913 እ.ኤ.አ. ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ ቶርኬማዳ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ኤድዋርድ ፖዊስ ማዘርስ ከ1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦብዘርቨር ጋዜጣ ጥያቄውን ከሰምና ወርቅ ባልራቀ መንገድ ይሸፍነው ጀመር። ልዩነቱ ጋዜጣ ማግሥቱንም ተመልሶ መነበቡ ነው። የእንግሊዙ ፈቺ ወረቀቱን አስቀምጦ ሳምንት ሊያስብበት ይችላል፤ የማኅሌቱ ሰሚ ያለው መዝገብ የራሱና የጓደኞቹ ትውስታ ብቻ ነው።

የዚህ መተጋገዝ ዋጋ በግልጽ የሚታየው ከዋግ ደጋ በሚነሣ ተማሪ ላይ ነው። የዋግ ሹሞች መቀመጫ የነበረችው ሰቆጣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከአፋር ዝቅታ የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ዙሪያዋን ያለው የአገው ሕዝብ አፉን የሚፈታው በኽምጣንጋ ነው። ስለዚህ ያገሩ ልጅ ቅኔ ሲሻ ሁለት ወንዝ ይሻገራል፤ አንደኛው የኔታ ምሥጢር የሚያብራሩበት አማርኛ፣ ሁለተኛው ቅኔው የሚዘረፍበት ግእዝ ነው። ወደ ደቡብ ተጉዞ ላስታን አቋርጦ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ ከሚጠራው ከዋድላ ቅኔ ቤት ቢደርስ፣ በግእዝ ፊት ከጓደኞቹ እኩል ነው፤ ግእዝ ለማንኛቸውም የእናት ቋንቋ አይደለምና። ወደ ኋላ የሚያስቀረው አማርኛው ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱን ልሳን የሚያውቅ ያገሩ ልጅ አጠገቡ ቢገኝለት መንገዱ ይቀናዋል።

ቅኔን በመጽሐፍ ለማኖር ብዙ ተደክሟል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀደምት ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው በ1918 ዓ.ም. አሳትመዋል። መንግሥቱ ለማ አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ ስለ ተማሪ ቤት ኑሮ በቃል የነገሯቸውን በ1959 ዓ.ም. ለኅትመት አብቅተዋል። እነዚህ ሥራዎች ባለውለታ ናቸው። ነገር ግን መጽሐፍ የተፈታውን ያኖራል እንጂ አዲስ የሰሙትን አብሮ አይፈታም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው ጦርነት ዋግ ኽምራንም ባዳረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ ሰቆጣ ተጠልሏል። ሕዝብ ሲሰደድ የቆሎ ተማሪን የሚመግበው የገበሬ ደጅ ይዘጋል፤ ደጁ ሲዘጋ ተማሪ ይበተናል፤ ተማሪ ሲበተን ጉባኤው ይፈርሳል። ስለዚህ ለቅኔ የሚያስብ ሰው ብራናውንና መጽሐፉን እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ማታ ተሰብስቦ «ወርቁ የት አለ?» ብሎ የሚጠያየቀውንም ማኅበር ሊጠብቅ ይገባዋል።