«አላየሁትም!»፦ የሞተር መብራት ቀን ለምን ይበራል?

የጉና ጉም ወደ ጋይንት መንገድ ሲወርድ ሞተር ብስክሌት ቢሰወር አይገርምም። በጠራራ ፀሐይስ ሾፌሮች ለምን «አላየሁትም!» ይላሉ?

አሜሪካዊው ሃሪ ኸርት ከባልደረቦቹ ጋር ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ሞተርና መኪና የሚጋጩት በዋናነት ሾፌሩ ሞተሩን ልብ ስለማይል ነው። ሞተር ከፊት ሲታይ ቀጭን ነው፤ ዓይን ቢያርፍበትም አእምሮ ያልፈዋል፤ ቢያየውም ሩቅ ይመስለዋል።

መፍትሔው መብራት ሆነ። ማሌዥያ በ1992 ቀንም እንዲበራ አስገደደች። በ2004 የታተመ የኒውዚላንድ ጥናት ደግሞ ቀን መብራት የሚያበሩ ነጂዎች በአደጋ የመጎዳት ዕድላቸው በ27 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ።

እስቴም ሆነ ስማዳ ሞተር የሚነዳ ዘመድ አላችሁ? ጉም እስኪመጣ አይጠብቅ፤ መብራቱን አሁኑኑ ያብራ በሉት።