ዐቃቤ፣ ዘበኛ፣ ባለአደራ

በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ በር ላይ አንድ አዛውንት ይቆማሉ። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። በደመወዝ መክፈያው ሰነድ ላይ መጠሪያቸው «የጥበቃ ሠራተኛ» ይላል፤ ወጣት ባልደረቦቼ «ሴኩሪቲ» ይሏቸዋል። እርሳቸው ግን ሥራቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ «ዘበኛ ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረ ልጅ «ጋሼ፣ ዘበኛ እኮ እንደ ስድብ ነው፤ ለምን ራስዎን ዝቅ ያደርጋሉ?» አላቸው። ቆባቸውን አስተካከሉና «አባቴ ክብር ዘበኛ ነበሩ። ስድብ ከሆነ ከሳቸው ይጀመር» አሉት።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጠባቂዎች መጠሪያ እንደ ጎደለ ሒሳብ ያባንነኝ ጀመር።

ከአንጋፋው ልነሣ። በግዕዝ «ዐቀበ» ማለት ጠበቀ ማለት ነው፤ ጠባቂው «ዐቃቢ»፣ ከሚጠብቀው ነገር ጋር ሲናበብ «ዐቃቤ» ይባላል። ዛሬም በየፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግ አለ፤ ሕግን የሚጠብቅ ማለት ነው። ከፊት ለፊቱ የሚቆመው ተከራካሪ ደግሞ ጠበቃ ነው። እርሱም ከ«ጠበቀ» የወጣ ነው። አንዱ በግዕዝ፣ ሌላው በአማርኛ፣ ሁለት ጠባቂዎች አንድ ዳኛ ፊት ይፋጠጣሉ ማለት ነው። በዚያው ግንድ ላይ ማዕቀብ አለ፤ ድምፀ ተዐቅቦም አለ፤ ድምፁን የሚያቅብ ሰው ራሱን የሚጠብቅ ሰው ነው። በግዕዝ «ዕቁብ» ቢባል «የተጠበቀ» ማለት ነው፤ ዕቁባችንም በዚሁ ስም ይጠራል፤ ለባንክ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ የሚጥም ግጥምጥሞሽ የለም።

ከዐቃቤዎች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ዐቃቤ ሰዓት ነው። ቤት ይጠበቃል፣ ከብት ይጠበቃል፣ ሰዓት እንዴት ይጠበቃል? ይህ ታላቅ ማዕረግ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔቶች መጠሪያ ነበር፤ ትውፊቱም በ13ኛው ምዕተ ዓመት ከነበሩት ከአቡነ ኢየሱስ ሞዐና ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ጋር ያያይዘዋል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ንጉሡ ዘንድ መግባት ከተፈቀደላቸው እጅግ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ነገሩን ሳስበው እንዲህ ይመስለኛል፦ የንጉሥን ሰዓት የሚጠብቅ ሰው፣ ማን መቼ ይግባ የሚለውንም ይይዛል። መጠሪያው የጸሎት ሽታ አለው፤ ሥልጣኑ ግን የበር ነው።

ቤተ መንግሥት በጠባቂ ስም የተሞላ ነበር። እልፍኝ አስከልካይ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ አስከልካይ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ባልደራስ የንጉሡን ፈረሶች ያስተዳድራል፤ የዛሬ ወጣት ቃሉን የሚያውቀው ወይ በአዲስ አበባው ሠፈር ወይ በ2012 ዓ.ም. በተመሠረተው የፖለቲካ ፓርቲ ነው፤ ፈረሶቹን የሚያስታውስ የለም። በጅሮንድ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘቡን ሥራ የሰጡት ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ነበር፤ ስለዚህ የአገሪቱ የመጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትር ሲሾም ስሙ አስቀድሞ ሥራውን ያውቅ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1898 ዓ.ም. የአቢሲንያ ባንክ በሩን ከፍቷል። እኛ የባንኩ ልጆች ግን ከነዚህ ሁሉ ማዕረጎች አንዱንም አልወረስንም፤ ገንዘብ ያዥ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ቁልፍ ያዥ ነን። መያዝና መጠበቅ አንድ አለመሆናቸውን ለመረዳት አንድ ምሽት ሳንቲም ቆጥሮ የጎደለበት መሆን ብቻ ይበቃል።

ወደ ጋሼ አባት ልመለስ። ክብር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱ የቅርብ ጦር ነበር። ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከእርሱ ተመልምለዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። በማግሥቱ ዐውደ ዓመት ነው፤ «ዘበኛ» የሚለው ቃል ያን ያህል ያበራበት ጠዋት ያለ አይመስለኝም።

ሦስት ወር ቆየ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት አስነሡ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ፤ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተረሸኑ፤ ግርማሜ ሞተ፤ ጄኔራሉ በመጋቢት በስቅላት ተቀጡ። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ምክንያቱ ብዙ ይላሉ። እኔ የምቆመው ቃሉ ላይ ነው፦ ዘበኛው ዙፋኑን ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበር፤ በሩንም፣ ቁልፉንም፣ ሰዓቱንም። ጋሼን ስለዚያ ጊዜ አንድ ቀን ጠይቄያቸው «አባቴ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ» አሉኝ። ከዚያ በላይ አልገፋሁም።

«ጥበቃ» የሚለው ቃልም የራሱ ጠባሳ አለው። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ነበር፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ «ጥበቃ መጣ» ማለት ልጅን አልጋ ሥር መደበቅ ማለት ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ የባንኩን በር ጠባቂ «ጥበቃ» ሲሏቸው ፊቷ ይለወጣል። ስለዚህ ሰነዶቻችን ክብር ለመስጠት ብለው «ዘበኛ»ን በ«ጥበቃ» ሲተኩ፣ ለእናቴ ትውልድ የባሰውን ቃል መምረጣቸውን አላወቁም።

ከዚህም ሌላ «ጠባቂ» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። የሚንከባከብ ጠባቂ ነው፤ የሰው እጅ የሚያይም «እጅ ጠባቂ» ይባላል። ጠበቀ ማለት ከአደጋ መከለል ነው፤ ጠበቀ ማለት ሳይመጣ የቀረን ሰው ደጅ ቆሞ መጠባበቅም ነው። በግዕዝ «ርዕየ» በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ከብት አሰማራ፣ ጠበቀ ማለት ሲሆን፣ «ርእየ» በአልፋው አ ሲጻፍ ደግሞ አየ ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች አንድ አድርጎ አጠፋቸው። እረኛው ከመጀመሪያው የወጣ ነው፤ እኔ ግን ከሁለተኛውም ቢወጣ አልቃወምም።

ሞግዚትንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ትዝ የምትለን ሕፃን የምታዝል ልጅ ናት፤ በ1901 ዓ.ም. ግን የልጅ ኢያሱ ሞግዚት ተብለው የተሾሙት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ነበሩ፤ አገር በሙሉ የታዘለው በእርሳቸው ጀርባ ነበር። ሕጋችን እስከ ዛሬ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ሲያስብ «አሳዳሪ» እና «ሞግዚት» ብሎ ለሁለት ይከፍላል።

አሳዳሪ! ይህ ቃል ነው ሌሊት የሚያስቀረኝ። አደረ፣ በግዕዙ ኀደረ። ማደር ሌሊቱን ማሳለፍ ነው፤ ለጌታ ማደር ማገልገል ነው፤ አሳዳሪ ጌታም ነው፣ የሙት ልጅ መጠጊያም ነው። የብራና መጽሐፍ የሚያድርበት ቆዳ ማኅደር ይባላል፤ በእኛ ቢሮ የደንበኛው ፋይል ማኅደር ነው። አደራም ከዚሁ ሠፈር ነው፤ ሰው ቤት የሚያድር ንብረት፣ ሰው ቃል ላይ የሚያድር እምነት። አማርኛ ሌባን ብዙ ስም ያወጣለታል፤ «አደራ በላ» የተባለ ሰው ግን ከሌቦችም ተራ ይወጣል፤ የበላው ዕቃውን ሳይሆን ሌሊቱን ነውና።

ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ካዝናው በሁለት ቁልፍ ይዘጋል፤ አንዱ እኔ ጋር፣ ሌላው የሥራ ባልደረባዬ ጋር ነው። ሁለታችንም ብቻችንን ልንከፍተው አንችልም። ጋሼ ቁልፍ የላቸውም፤ ከውጭ፣ ከብረቱ በር አጠገብ ወንበራቸውን ያወጣሉ፤ ካቦርታቸውን ይደርባሉ፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ።

«ደህና ይደሩ ጋሼ» እላቸዋለሁ።

«አድራለሁ» ይሉኛል፤ «አልተኛም እንጂ»።