የተዘባረቁ ፊደላት (በድረ ገጽ)

የተዘባረቁ ፊደላት የሚባሉት፣ አንድ ጽሑፍ ከተቀመጠበት ኢንኮዲንግ (ፊደልን በቁጥር የመወከያ ሥርዓት) ውጭ በሌላ ሲነበብ በፊደላቱ ቦታ የሚመጡ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ናቸው። በአማርኛ ድረ ገጾች ላይ ግን ሌሎች ብልሽቶችም በዚሁ ስም ይጠራሉ። መነሻቸው የተለያየ ስለሆነ ጥገናውም ይለያያል፤ ሳይለዩ መነካካት የሚድነውን ጽሑፍ ጭምር ያጠፋል።

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን የቁጥር ክልል ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ድረ ገጾች በብዛት የሚጠቀሙበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው ኢንኮዲንግ እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በ3 ባይት ይጽፋል። ለምሳሌ «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ተብላ ትቀመጣለች። ብሮውዘሩ ገጹን ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተሠራው ዊንዶውስ-1252 ካነበበው ግን እያንዳንዱን ባይት ለብቻው ይቆጥራል። በአንዷ «ሰ» ፋንታ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ፣ ቆብ መሰል ምልክትና የሙቀት ዲግሪ ክብ ይደረደራሉ። የአማርኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ስለሆነ ባለጭረቷ ኤ በየሦስት ምልክቱ ትመላለሳለች። በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ግን አይነካም። ይህን መልክ ያየ ሰው ሊደሰት ይገባል፤ ባይቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጎድሉ አሉ።

ጥገናው ገጹ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ማስታወቅ ነው። ማስታወቂያው በኤችቲኤምኤል ፋይሉ የመጀመሪያዎቹ 1024 ባይቶች ውስጥ መግባት አለበት። ብዙዎች ይህን አድርገው ምንም ሳይለወጥ ሲቀር ግራ ይጋባሉ። ምክንያቱ ሰርቨሩ ከገጹ ጋር የሚልከው ራስጌ ሌላ ኢንኮዲንግ ሲናገር የሚሰማው እሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ሰርቨሩ ነው።

የተዘባረቀው ጽሑፍ እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ ተመልሶ ከተቀመጠ ነገሩ ይከብዳል፤ እንደገና በስህተት ሲነበብ አንዱ ፊደል 6 ወይም ከዚያ በላይ ምልክት ይሆናል። መፍትሔው በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። እዚህ ላይ አማርኛን የሚጎዳ ወጥመድ አለ። በዊንዶውስ-1252 ውስጥ 141 እና 157 ምልክት አልተሰጣቸውም። የ«ፀ»፣ የ«ፈ» እና የ«ፐ» ቤተሰቦች እንዲሁም አራት ነጥብ ሁለተኛ ባይታቸው 141 ነው፤ የ«ም» ሦስተኛ ባይት ደግሞ 157። አንዳንድ ፕሮግራሞች እነዚህን ስለሚጥሏቸው ጽሑፉ ሲመለስ አረፍተ ነገሮቹ አራት ነጥባቸውን አጥተው ይገኛሉ።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ ጉዳይ ሌላ ነው። በዚያ አሠራር ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ሲሆን አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቦች ቅልቅል ይታያል፤ የባለጭረቷ ኤ ምልልስ ግን የለም። ኢንኮዲንግ መቀያየር እዚህ ከንቱ ድካም ነው። አምራቾቹ ፊደሉን የደለደሉት በየራሳቸው ስለሆነ ለየፎንቱ የተዘጋጀ የመቀየሪያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ባዶ ሳጥኖች ብቻ ከታዩ ችግሩ የአንባቢው መሣሪያ ነው። የግዕዝ ፎንት መጫን ይበቃል፤ ለምሳሌ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጥቷል።

በፊደላቱ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተቀምጦ ከሆነ ግን ጽሑፉ የግዕዝ ፊደል በማይችል ዳታቤዝ ወይም ፋይል ውስጥ አልፏል። እያንዳንዱ ፊደል ወደ አንድ ቁጥር፣ ወደ 63፣ ተቀይሮ ተቀምጧል። ይህን የሚመልስ ፕሮግራም የለም፤ ያለው ምርጫ ከመጠባበቂያ ቅጂ መገልበጥ ወይም ጽሑፉን እንደገና መተየብ ነው።